ጥቁርና ነጭ ዘውድ

በኮሎምበስ ካሉ ሐበሾች ሁሉ ሞቺ የሚባለውን የጃፓን ጣፋጭ ቀድማ የቀመሰች እኔ ነኝ። በመላው ኦሃዮ ብትሉም አልቃወምም። የሚከራከር ካለ ሂሊያርድ ቤቴ ድረስ ይምጣ። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ከሳሎን ወደ ኩሽና የሚሻገር እንግዳ ስንቅ ቋጥሮ ነው የሚነሳው።

ያኔ ግን የምንኖረው ሂልቶፕ ነበር፤ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ፣ ነፋስ ሲመታው እንደ ሽማግሌ ጉልበት በሚንቋቋ የእንጨት ቤት ውስጥ። ዘመኑ በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት፣ እኔ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ። ሰባት ዓመት ስላችሁ የዛሬዎቹን እንቡጦች እንዳታስቡ። ስልክ የማነሳው፣ ቢል የማነበው፣ ላንድሎርዱን በራሱ እንግሊዝኛ አፉን የማስይዘው እኔ ነበርኩ። የከተማው ሐበሻ በሙሉ በእኔ ምላስ ነበር የሚኖረው። የከተማው ሐበሻ በሙሉ ቢሰበሰብ ያኔ አንድ ሳሎን አይሞላም፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።

እናቴ አፀደ የምትሠራው ታዙኮ የምትባል ጃፓናዊት ዘንድ ነበር። የታዙኮ ባል ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የጃፓኖች የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነው። ከባሎቻቸው ጋር የመጡት የጃፓን ሚስቶች ለልደቱም፣ ለበዓሉም፣ ለእንግዳውም ያገራቸውን ጣፋጭ የሚያዙት ከታዙኮ ነው፤ እሷም ጋራዧን ኩሽና አድርጋ ትሠራላቸዋለች። እናቴ ቀዩን ደቃቅ አደንጓሬ ትቀቅላለች፣ ታሻለች፣ በስኳር ታንተከትካለች። የተቀቀለውን ሩዝ በእንጨት ሙቀጫ ትወቅጣለች። በሙቀጫው ነገር ጃፓን በሞላ ከእናቴ መማር ነበረበት። ታዙኮ በእርጥብ እጇ ሊጡን ትገለብጣለች፣ እናቴ ትወቅጣለች፤ ትገለብጣለች፣ ትወቅጣለች፤ አንድም ቀን ጣት አልተመታም። ታዙኮ ከሰንዳይ ናት። በለጋ አረንጓዴ አኩሪ አተር የተለወሰውን የሰንዳይ ሞቺ ስትሠራ ማንም እንዲያግዛት አትፈቅድም፤ እናቴንም ጭምር።

እናቴ «እትዬ ታዙኮ» ነው የምትላት። እትዬ የሚለው ለታዙኮ ምን እንደመሰላት እንጃ፣ በተጠራች ቁጥር ጎንበስ ትል ነበር። እሷም በፈንታዋ «አፀደ-ሳን» ትላለች፤ እናቴም ጎንበስ ትላለች። ሁለቱ እንዲህ ሲጎነባበሱ ውለው ሥራው መቼ እንደሚሠራ የሚገርም ነው።

ታዙኮ ሊጡ መድረሱን የምታውቀው የጆሮዋን ታች በሁለት ጣት ጨበጥ አድርጋ፣ ከዚያ ሊጡን ነክታ ነው። እንደ ጆሮ ታች ከለሰለሰ ደርሷል። እናቴ ግን የራሷን ትታ የእኔን ነበር የምትይዘው፤ ከሙቀጫው አጠገብ እንደ ሚዛን ድንጋይ ቆሜ። ስለዚህ በዚያ ዘመን በኮሎምበስ የተበላ ሞቺ ሁሉ ልስላሴው የተለካው በእኔ ጆሮ ነው። ይኼ ማጋነን አይደለም፤ ከሆነም ብዙ አይደለም።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የጾም ነበር። እትዬ ማዘንጊያ የሚባሉ ከሁላችንም ቀድመው ኮሎምበስ የገቡ ሴት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ባልነበረን ከተማ እሳቸው ቄስም ዲያቆንም ሆነውልን ነበር። የገና ጾም እንደገባ እናቴ አንድ ሳጥን ሞቺ ይዛ ስትመጣ አስቀረቧትና አንዱን በቢላ ሰነጠቁት። አሸተቱት።

«ቅቤ?»

«የለውም።»

«እንቁላል? ወተትስ?»

«አደንጓሬ፣ ሩዝና ስኳር ነው እትዬ። ሌላ ምንም።»

«እንግዲያ ይኼ ሕዝብ ጹም ሳይባል ነው የሚጾመው» አሉና ጎረሱ። ሞቺው ከላይኛው ጥርሳቸው ጋር ተጣብቆ ለረጅም ጊዜ ተጨማሪ ፍርድ አልሰጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሐበሻው የጾም ኬክ የጃፓን ሆነ።

ሁለተኛው ጭቅጭቅ የንፍሮ ነበር። የእናቴ ሆድ ገፋ ሲል ታዙኮ ከሙቀጫው አስነስታ ሳጥን ማሸጉ ላይ አስቀመጠቻት፤ አንድ ቀን ደግሞ በትልቅ ዕቃ ምግብ ላከችልን። ሩዝ ከቀይ አደንጓሬ ጋር አብሮ የበሰለ፣ ሩዙ በአደንጓሬው ቀለም ሮዝ የሆነ። እትዬ ማዘንጊያ ክዳኑን ከፍተው አዩና ወዲያው ከደኑት።

«ንፍሮ ነው» አሉ። «በሆድሽ ይዘሽ የለቅሶ እህል ቤት ታስገቢያለሽ?»

እናቴ ሳቀች። ያን ሳቋን አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ ለመስማት ብዙ ቆይቻለሁ። በእነሱ ዘንድ አደንጓሬና ሩዝ የደስታ ነው፣ እንኳን ማርያም በሰላም ታገላግልሽ እንደማለት ነው ብላ አስረዳቻቸው። የሐዘኑ ነጭ ነው፤ ነጭ ማንጁ፣ ማለት በእንፋሎት የበሰለ ሆዱ አደንጓሬ የሆነ ትንሽ ዳቦ። ሳጥኑ የሚታሰርበት ገመድም ለደስታ ቀይና ነጭ፣ ለሐዘን ጥቁርና ነጭ ነው። በዚህ ላይ ከተሳሳትኩ አገር ይፈርሳል አለች።

«ነጭ ለሐዘን» አሉ እትዬ ማዘንጊያ የነጠላቸውን ጫፍ እያዩ። «ዓለም ተገልብጣለች በሉኛ።»

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ግን በአፌ ነበር የማዳምጠው፤ እየበላሁ።

አሁን ጀማነህን ላስተዋውቃችሁ። ጀማነህ ታላቅ ወንድሜ ነው። እናቴ እኔን አዝላ ሱዳን ስትገባ እሱ ጎንደር ከአያታችን ጋር ቀርቶ ነበር። በኋላ አክስቴ ፋንታዬ ይዛው ካርቱም ደረሰች፤ እኛ ግን ያኔ ኮሎምበስ ገብተን ነበር። ስፖንሰሩ ተፈቅዷል፣ ፕሮሰሱ ተጀምሯል፣ ዛሬ ነገ ይመጣል ይባል ነበር። አላውቀውም። ፊቱን እንኳ አላስታውሰውም። ይሁንና በክፍሌ ልጆች ዘንድ ጀማነህ በግመል ላይ ቆሞ የሚጋልብ፣ አንበሳ በስሙ የሚጠራ፣ ሲመጣ የሁሉንም ታላቅ ወንድም በአንድ እጁ የሚያነሳ ነበር። በእኔና በእሱ ክፍል ከመስኮቱ ሥር የእሱ አልጋ ተነጥፎ ይጠብቀዋል። እናቴ አንሶላውን በየቅዳሜው ትቀይራለች፤ ያልተኛበትን አንሶላ። እኔ የተሰጠኝ የግድግዳው አልጋ ነበር። ያን የመስኮት አልጋ እንዴት እንደተመኘሁት።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። ከሩቅ አገር መሆኑን በመዘግየቱ አወቅኩ፤ ሄሎ ብዬ የራሴን ሄሎ መልሼ ሰማሁ። ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ አያሌው፣ ሂሊያርድ ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ በስልክ ሲያወራ ያለ ስልክም ካርቱም ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነበረው። ያን ቀን ግን «እሺ» ብቻ ነው ያለው። ቆይቶ ደግሞ «እሺ»። ከዚያ ዘጋው፤ ቫኪዩሙን ከቁም ሳጥኑ አወጣና ሳሎኑን ማጽዳት ጀመረ። አንዱን ቦታ አጽድቶ ያንኑ ቦታ ይደግመዋል። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አባቴ ቫኪዩም ሲይዝ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬ የማውቀውን ልጨምርላችሁ። የደወለችው ፋንታዬ ነበረች። ጀማነህን ወባ ገድሎታል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ እናቴ በሌለችበት እትዬ ማዘንጊያና ጋሼ ነጋ መጡ። ጋሼ ነጋ ታክሲ የሚነዱ፣ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ትልቅ ሰው ናቸው። ኩሽና ገብተው ሹክሹክታ ጀመሩ። እኔ ደግሞ በኦሃዮ ታሪክ ወደር የሌለኝ ሰላይ ስለነበርኩ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። እስክትገላገል ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተባለ። ከአራስ ቤት ከወጣች በኋላ፣ ጠዋት፣ ሁላችንም ባለንበት ይሁን ተባለ። ማን ይናገር ሲባል ጋሼ ነጋ ተመረጡ።

«የጀማነህ መርዶ ከእኔ አፍ ይውጣ» አሉ ጋሼ ነጋ። «ምን አደርጋለሁ።»

መርዶ የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ግን ሞኝ አይደለሁም፤ ተረጎምኩት። በዚያው ሰሞን የክፍሌ ልጅ ለእናቷ የተደረገውን ሰርፕራይዝ ፓርቲ አውርታልን ነበር። ሰው ሁሉ ተስማምቶ አንዷን ሰው ይደብቃታል። ቀን ይቆረጣል። በቀኑ ሳታውቀው ቤቷ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ይነገራታል፣ ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ይታቀፏታል። እንግዲህ የጀማነህ መርዶ ማለት ለእናቴ የሚደረግ የጀማነህ ሰርፕራይዝ ፓርቲ ነው። ጀማነህ ሊመጣ ነው፤ እሷ አልሰማችም። የዛሬ ሰው ሆኜ ያን ትርጉም ቃል በቃል ስመረምረው አንድም የጎደለ ነገር አላገኝበትም።

በዚያው ሳምንት አስተማሪዬ ከየቤታችን ቋንቋ አንድ አንድ ቃል እንድናስተምር ጠየቀችን። መርዶን አስተማርኩ። ትርጉሙንም ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጻፈ፤ ልደቱ የደረሰ አንድ ልጅ «ሃፒ መርዶ» ተባለ፤ ሁሉም አጨበጨበ።

ሚስጥር መጠበቅ እኔ ዘንድ እንደ ተፈጥሮ ነው። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ሰዉ ሁሉ ሊያግዘኝ ይሞክር ነበር፤ እትዬ ማዘንጊያ እናቴን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ አባቴ ስለ ወረቀቱ ስትጠይቀው «እየሄደ ነው» ይላል። ችሎታቸው ከእኔ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዚያ አባቴ ታዙኮ ቤት ወሰደኝ። እናቴ ያን ቀን ከእትዬ ማዘንጊያ ጋር ክሊኒክ ሄዳለች። አባቴ ለእንግሊዝኛ ያለ እኔ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ያን ቀን ግን «አንቺ መኪና ውስጥ ጠብቂ» አለኝና ሂተሩን ለኩሶልኝ ብቻውን ወረደ። የመስኮቱን ጉም በክንዴ ጠርጌ አየሁ። ታዙኮ በሩ ላይ ቆማለች። አባቴ ቃል ሲያጥረው እጁን ከወገቡ ከፍ አድርጎ በአየር ላይ አቆመው፤ የልጅ ቁመት። የጀማነህን ቁመት እየነገራት ነው፤ ለኬኩ መጠን ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ያቺኑ እጁን መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ቀስ ብሎ አወረዳት። ታዙኮ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። በጣም ሲደሰቱ እንደዚያ ያደርጋሉ።

ዛሬ እንደማውቀው፣ አባቴ ለእናቴ መንገር ስላልቻለ ለታዙኮ ነው የነገራት። እናቴን ከባድ ነገር እንዳታሸክማት ሊለምን ነበር የሄደው፤ ምክንያቱን ስትጠይቀው ወጣበት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴን ከሥራ ልናመጣ ስንሄድ፣ እናቴ ከውስጥ ጫማዋን እያጠለቀች ሳለ ታዙኮ በጎን በር ወጥታ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳጥን ለአባቴ ሰጠችው። ጎንበስ አለች። ቀና ሳትል ቆየች። አባቴም ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ ጎንበስ አለና ቆየ፤ በረዶው ትከሻቸው ላይ ይወርዳል። ከዚያ አባቴ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ፣ ነጭና ቀለል ያለ ሳጥን መሆኑን ሲያይ፣ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከተተው። ነጭ ለእሱ ምንም አይናገርም፤ አጎነባበሷ ግን ነግሮታል። እኔን አየኝ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔም አደረግኩ።

ሳጥኑን ቤዝመንት ውስጥ ከልብስ ማድረቂያው ጀርባ አገኘሁት። አባቴ ሊጥለው አልቻለም፣ ወደ ላይም ሊያወጣው አልቻለም። ለእኔ ግን የተገባ ቦታ ነበር፤ የፓርቲ ነገር የሚደበቀው እንደዚያ ነው። ገመዱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከወረቀት የተገመደ፣ እንደ ሽቦ ቀጥ የሚል። ሳልፈታው ከሳጥኑ ላይ አንሸራትቼ አወጣሁት። ውስጡ የልጅ ጡጫ የሚያህል ነጭ ማንጁ ነው፤ ላዩ ላይ በትኩስ ብረት ከተተኮሰች አንዲት የቅጠል ምልክት በቀር ጌጥ የለውም። ሌላ ጊዜ የታዙኮ ጣፋጭ የአበባ መደብ ይመስል ነበር። ቸኩላ ይሆናል ብዬ ይቅር አልኳት። በላሁ። ስንት እንደበላሁ ሳወራ ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ እውነቱ አንድ ተኩል ነው።

ከዚያ ገመዱን ራሴ ላይ ደፋሁት። ልክክ አለ። ቋጠሮው ግንባሬ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቆሙ። ሂልቶፕ ከተቆረቆረ እንደ እኔ ያለች ንግሥት አላየም። ይኼ ውበት ቤዝመንት ሊቀር ነው? ወደ ላይ ወጣሁ።

እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታጣምራለች። ቀና ብላ አየችኝ። ለብዙ ዓመት ይህን ሳወራ «እናቴ በውበቴ ቃል አጣች» ነበር የምለው። ቃል ማጣቷ እውነት ነው።

«ከየት አመጣሽው?» አለች።

«ቤዝመንት። ኢትስ ኤ ሲክሬት።»

«ማነው የሰጠሽ?»

«እትዬ ታዙኮ ለአባዬ ሰጠችው።»

«ውስጡ ያለው ነጭ ነው?»

«ኦል ኋይት።»

እጇን ዘረጋች። ዘውዴን ልትነካ መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግኩላት። ጣቶቿ አለፉትና የጆሮዬን ታች ያዙ፤ ሊጥ እንደምትለካው። ያዘችው። አልጎተተችም፣ አላሻሸችም፤ ብቻ አለቀቀችውም። ማድረቂያው ከታች ይሽከረከራል፣ አንድ ቁልፍ ብረቱን ይመታል፣ ትክ ትክ ይላል።

«አውልቂው» አለችኝ። «አባትሽ ሳያይ ነበረበት እንመልሰው።»

አብረን ወረድን። ገመዱን በቦታው አንሸራትታ መለሰችው። ከዚያ በፊት ግን እኔ የተውኩትን ግማሽ ማንጁ አንስታ በላችው፤ ቆማ፣ እንደ መድኃኒት፣ እስኪያልቅ። በታዙኮ አገር ለሞተ ሰው የቀረበ ጣፋጭ አይጣልም፤ ሕያዋን ይበሉታል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ የቀሩትን ካልሲዎች አጣመረች። ጓድ ያጡትንም ጎን ለጎን ደረደረቻቸው።

አባቴ ከሥራ ሲመጣ ራት አቀረበች። ስለ ወረቀቱ ጠየቀችው። «እየሄደ ነው» አላት። «እሺ» አለች።

የመኝታ ሰዓት ሲደርስ «ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተኚ» አለችኝ። ለአባቴ የሕፃኑ አልጋ በግድግዳው በኩል እንዲገባ ነው አለችው። እኔ ግን በውበቴ ያሸነፍኩት አልጋ ነው ብዬ ነው የተኛሁበት። አንሶላው ንጹሕ ነበር።

ቀኖቹ እንደ በፊቱ ናቸው። ጋራዥ ትሄዳለች፣ ሳጥን ታሽጋለች፣ ቀይና ነጩን ከጥቁርና ነጩ ሳትሳሳት ታስራለች። አባቴ ይደብቃል፣ እሷ ትደበቃለች። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እጠብቃለሁ። ሌሊቱን ሰማይ ላይ አውሮፕላን ባየሁ ቁጥር ጀማነህን እፈልገዋለሁ፤ ለዚህ የመስኮቱ አልጋ ይመቻል።

ልክ ከገና በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች። አባቴ ስም አዘጋጅቶ ነበር፤ ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ደረቱን እየነካ ነበር ሆስፒታል የገባው። ነርሷ ስሙን ስትጠይቅ ግን እናቴ ቀደመች፤ ራሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ አንድ በአንድ ፊደሉን አስቆጠረቻት። ምትኩ። አባቴ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ የመኪና ማቆሚያውን ያይ ጀመር።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ማዘንጊያ ስሙን ሲሰሙ ደነገጡ። ምን አስባ ነው፣ የማን ምትክ ነው ብለው ከመጡት ሴቶች ጋር ተባባሉ። በመጨረሻ ባለፈው ዓመት የሞቱትን የእናቴን አባት ይሆናል ብለው ተስማሙ። ምትኩ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ስም ነው» አሉኝ። «ዝም በይ።»

ያ ምትኩ ዛሬ ሪከንባከር የተባለው የካርጎ ኤርፖርት ላይ ሱፐርቫይዘር ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ በኦሃዮ ሰማይ አሞራም አትበርም።

የመርዶው ቀን የተቆረጠው ብርዱ ገና ሳይሰበር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዝግጅቴ የሚያስደንቅ ነበር። በረጅም ወረቀት ላይ በከለር «ዌልካም ጀማነህ» ብዬ ጽፌ፣ ግመል ሥዬ፣ አንበሳ ሥዬ፣ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ደብቄ ነበር። ሰዉ ገና ፀሐይ ሳትወጣ መጣ። ሳሎኑ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ለፓርቲው አንድ ዓይነት ለመሆን መሰለኝ። ማንም አያወራም፤ ይኼም ደንቡ ነው። እኔ ከሶፋው ጀርባ ተደበቅኩ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ ምትኩን ታቅፋ ወጣች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ለመልበስ ጊዜ እንደነበራት ማንም ልብ ያለ አይመስለኝም። በሩ ላይ ቆመች። ሰዉም ቆመ። ጋሼ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደገና ጠረጉ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የረሱት መሰለኝ። እንደ ሁልጊዜው ለሐበሻው ሁሉ መናገር የእኔ ድርሻ ነው። ብድግ አልኩና ወረቀቴን ዘረጋሁ።

«ሰርፕራይዝ» አልኩ።

ድምፄ ከዚያ ወዲያ ያን ያህል ብቻውን ሆኖ አያውቅም። እትዬ ማዘንጊያ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አባቴ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ። እናቴ ምትኩን ለአባቴ ሰጠችው፤ ወደ እኔ መጣች፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ አነበበችው። ጫፉን ከጫፉ ጋር አጋጥማ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፤ የሳጥን ወረቀት እንደምታጥፈው። ከዚያ ሶፋውን ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ነጋ» አለች፣ «የመጡበትን ይናገሩ።»

ተናገሩ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። እናቴ አልጮኸችም። የታጠፈውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ ይወዘውዟታል፣ ትወዘወዛለች።

እኔ በሩን ከፍቼ በረንዳ ወጣሁ። ጀማነህ ውጭ ቆሞ ይሆናል፣ መግባቱን ማንም አልነገረው ይሆናል ብዬ። የጋሼ ነጋን ታክሲ ውስጡን አየሁ። የኋላ ወንበሩን አየሁ። መንገዱ ላይ የቆሙትን መኪኖች ሁሉ አየሁ። ስመለስ ጫማ አልነበረኝም፤ ካልሲዬ ረጥቧል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ እናቴን ጠየቅኳት። እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ለምን ዝም አለች፣ ለምን ብቻዋን ቻለችው፣ ለምን ያን ሁሉ ሰው ለመርዶ አስመጣች?

«አባትሽ ያን ያህል ደክሞ ደብቆልኝ» አለች። «እንዴት ብዬ ልቀማው?»

«ምትኩ ስትይውስ?»

«አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም አልደገምነውም። ሰዉ ደግሞ ቀን ቆርጧል። ሳይረዱሽ ለቅሶ መቀመጥ አለ?»

ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች።

በመርዶው ጠዋት ግን ሴቶቹ ንፍሮ ሊቀቅሉ ኩሽና ገቡ። እትዬ ማዘንጊያ የድስት ክዳን በእጃቸው እንደያዙ በሩ ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ ከክዳኑ ውሃ ይንጠባጠባል። ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ሙሉ ንፍሮ በስሎ፣ ውሃው ጠሎ፣ ገና ትኩስ ሆኖ ነበር። እናቴን አዩ። አባቴን አዩ። አባቴ የምትኩን ፊት ያያል። እትዬ ማዘንጊያ ተመልሰው ገብተው ሳህን ማንሳት ጀመሩ።

እናቴ እጇን ዘርግታ ወደ እሷ ሳበችኝ። የጆሮዬን ታች ያዘች።

«ሉሊዬ፣ ጀማነህ አይመጣም» አለችኝ።

«ዌን?» አልኳት።

«አይመጣም።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሳታውቀው የተያዘች እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ሰው ሳህን ሰጠኝ። ስንዴው ከቀይ ደቃቅ አደንጓሬ ጋር ተቀላቅሏል፤ የታዙኮ ጋራዥ አደንጓሬ መሆኑን ወዲያው አወቅኩት። እፍኝ አነሳሁና ጎረስኩ። አፌ ስኳሩን ጠበቀ። አላመጥኩ፣ ጠበቅኩ። አልመጣም።